ጥቁሩ ውሃ የሄደበት

ጡረታ ስወጣ ብርድ ልብስ ሸለሙኝ። ሰማያዊ ነው፣ ዳርና ዳሩ ነጭ መስመር አለበት። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና ተጨበጨበ። ቤቴ ወስጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥበው የሳፋው ውሃ ቀለም ሆነ፤ ነጩም መስመር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ጎረቤቴ አይታ፣ "ይኼ የእናንተው ፋብሪካ ሥራ አይደለም እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ፋብሪካ ቀለም የማይለቅ ጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንደኛውን ቀብሬዋለሁ።

የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ከጋሞ አገር መጥቶ፣ እግሩን መሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን የኖረ ሰው ነበር። ፋብሪካ ልቀጠር ነው ስለው ለብዙ ቀን አላናገረኝም። በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ ብዙ አፍ ስለነበር መቃወሙን ተወ። ፋብሪካው ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ዳር ነው። ባለቤቱ ያኔ ፈረንጅ ነበር። መጀመሪያ ክር ማጠንጠኛ አስገቡኝ፤ ጥቂት ቆይቼ ወደ ማቅለሚያ ክፍል ተዛወርኩ። ሴት ለማቅለሚያ አይሆንም የሚሉ ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ግን፣ "የሸማኔ ልጅ ናት፣ ክር ታውቃለች፤ ስጡኝ" ብለው ወሰዱኝ።

ኃላፊው ጋሽ ሎምባሞ ይባላሉ። የከምባታ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ በጥፍራቸው ሥር ጥቁር ቀለም የማይጠፋ። ጴንጤ ስለነበሩ አይጠጡም፣ አይምሉም። ሠራተኛው ሲምል ሲገዘት እሳቸው "እሺ በቃ፣ አምኜሃለሁ" ብለው ያልፉታል።

"እርጥብ ጨርቅ ይዋሻል፣ ዘነበች" ነበር የመጀመሪያ ትምህርታቸው። ቀለሙ መያዙን ለማወቅ ከጥቅሉ ጫፍ ቁራጭ እቆርጣለሁ፤ አጥበዋለሁ፤ ትኩስ ቧንቧ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን በሚከፈተው በር ቆሜ በቀን ብርሃን አየዋለሁ። በአምፖል ካየሁት አይቀበሉኝም። ነጭ መሐረብ አርጥበው ቁራጩን ይፈትጉታል፤ መሐረቡ ላይ ትንሽ ጥላ ከቀረ ጨርቁ ተመልሶ ይታጠባል። ጭነቱ በር ላይ ቢጠብቅም ይታጠባል።

ጥቁር ቀለም ከሁሉ ይከብዳል። ሲፈላ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጨርቁ ከገንዳው ሲወጣ ጥቁር አይደለም፤ አረንጓዴ ነገር ነው። አየር ሲነካው ነው ዓይን እያየ የሚጠቁረው። ጨርቁ ከወጣ በኋላ ገንዳው ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ብዙ ቦታ ይደፉታል። ጋሽ ሎምባሞ አይደፉም። "እርሾ ይደፋል እንዴ?" ይላሉ። የጎደለውን ቀለም ጨምረው፣ አሙቀው፣ ለሚቀጥለው ጥቅል ያውሉታል። ያ ገንዳ ወር ከወር ሳይደፋ ይኖር ነበር። ማለቅለቂያውም እንደዚሁ ነው። ሦስት ገንዳ በተርታ ነበረን፤ ንጹሕ ውሃ የሚገባው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ መጀመሪያው ይፈሳል። "ጨርቁ ወደ ፊት፣ ውሃው ወደ ኋላ" ብለው አስተማሩኝ። ውሃው ሲቀንስ የሚሞቀውም ይቀንሳል፤ ቦይለሩ የሚበላው ባሕር ዛፍም ይቀንሳል። እኔ ያኔ ቁጠባ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራ ሲያልቅ ከግቢው ወደ ወንዙ የሚወጣው ቦይ ዘንድ ወርደው እጃቸውን በዚያ ውሃ ይታጠባሉ። መታጠብ ካልቻሉ ፊታቸው ይጠቁራል። "እኔ የማልታጠብበትን ውሃ ለሰው እንዴት እልካለሁ?" ይላሉ። በፈረንጁ ጊዜ ብዙ ቀን አልታጠቡም። ማጥሪያ ጉድጓድ ይቆፈር ብለው ቢለምኑት፣ "ወንዙ የኔ አይደለም" አላቸው።

ከፋብሪካው በታች፣ በወንዙ ግራና ቀኝ፣ ሴቶች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይተክሉ ነበር። ከእነሱ አንዷ አስካለ ናት። የኔው እኩያ፣ አፏ የማይታሰር፣ ከሸጎሌ ገበያ የገዛቻት አንዲት ላም የነበረቻት ሴት ናት። ውሃው የጠቆረ ቀን ጎመን እንደታቀፈች የፋብሪካው በር ላይ ቆማ ዘበኛውን ትሳደባለች። ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ይስቃል።

ከዚያ አብዮቱ መጣና ፋብሪካው ተወረሰ። "የሕዝብ ሆነ" ተባለ። ብዙዎቻችን ጨብጭበን ወደ ሥራችን ተመለስን። ጋሽ ሎምባሞ ግን ቃሉን እንዳለ ያዙት። መጀመሪያ የተሾሙልን ሥራ አስኪያጅ ረጋ ያሉ የሒሳብ ሰው ነበሩ። ጋሽ ሎምባሞ ቢሯቸው ገብተው፣ "ፋብሪካው የሕዝብ ከሆነ ወንዙም የሕዝብ ነው፤ የሕዝብን ነገር በሕዝብ ነገር ማበላሸት ምን ይባላል?" አሏቸው። ሰውየው ትንሽ አሰቡና፣ "ሲሚንቶ የለኝም። ቦታ ግን አለ፤ ቆፍሩ" አሉ።

ቆፈርን። በእሑድ ዘመቻ እኛ ከላይ፣ ጎመን ተካዮቹ ሴቶች ከታች ሆነን ሁለት ትላልቅ ጉድጓዶች አወጣን። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያው ውስጥ ይገባል፤ ኖራ እንጨምርበታለን፤ ቀለሙ አተላ ሆኖ ይቀመጣል፤ የላይ የላዩ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያም አርፎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በበጋ አንዱን አድርቀን አተላውን አካፋ ለአካፋ እናወጣና ከወንዙ ርቆ እንቀብረዋለን። እንደ ምንጭ ጠራ አልልም። ግን አስካለ በመጣች ቀን ጋሽ ሎምባሞ ቦዩ ዘንድ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ታጠቡና እርጥብ እጃቸውን አሳዩዋት።

"ይኸው፣ አስካለ።"

አስካለ እጃቸውን ይዛ ገለበጠችው፤ አሸተተችው። "ነገም እንዲህ ነው?" አለች።

"እኔ እስካለሁ እንዲህ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ለሠራተኛው ምሳ ቤት ጎመን ያመጡ ጀመር። እኛም በእነሱ ጎመን እየበላን፣ ኖራው በቂ ነው ወይ፣ ጉድጓዱ ሞላ ወይ ብለን ራሳችን እንጨነቅ ነበር፤ የሚወርደው ውሃ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሳህናችን ነዋ። የሥራ ዘመኔን ሳስብ ደህና ነበር የምለው እነዚያን ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ፋብሪካና ሰፈር እንዴት አብረው መኖር እንደሚችሉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ማንም መጥቶ አልሰበከንም።

የሒሳቡ ሰው ተነሡና ጓድ መርዕድ ተሾሙ። ወጣት ናቸው፣ ካድሬ፤ ደከመኝ አይሉም፤ ይህን አልክድም። ጦርነቱ ሰፍቶ ስለነበር የሚፈለገው ካኪ ነው። የምርት ዕቅዱ በእጥፍ አደገ፤ ፈረቃው ሦስት ሆነ። ገንዳ ሁሉ ለካኪ ይዋል ተባለ። ካኪ በጥቁር ገንዳ አይሠራም፤ ስለዚህ ጥቁሩ እየተደፋ ገንዳው ይታጠባል፤ ጥቁር ሲፈለግ ደግሞ አዲስ ይበጠበጣል። ያ ሳይደፋ የኖረው እርሾ በየሳምንቱ ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ። "ውሃው ወደ ኋላ" የሚባለውም ቀረ፤ ጊዜ ይፈጃል ተባለና ሦስቱም ገንዳ ላይ ቧንቧ ተከፈተ። አተላ ቆፋሪዎቹ አብዮት ጥበቃ ሆነው ተመደቡ።

ጋሽ ሎምባሞ ቢሮ ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ። ቢያንስ አንዱ ገንዳ ለጥቁር ብቻ ይተውልን ብለው ለመኑ።

ጓድ መርዕድ ቀና ብለው፣ "አብዮቱ የሚፈልገው ካኪ ነው፣ ጎመን አይደለም" አሉ።

"ጎመኑን የምትተክለዋ እናት ልጅ እኮ ነው ካኪውን የለበሰው፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ" አሉ ጋሽ ሎምባሞ። እውነት ነው፤ የአስካለ የበኩር ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር።

ጓድ መርዕድ አልተቆጡም። "እርስዎ ጥሩ ባለሙያ ነዎት። ፖለቲካውን ለኛ ይተዉት" ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በዚያው በጋ የመሰብሰቢያ መድረክ ያስፈልጋል ተባለና የመጀመሪያው ጉድጓድ ተደፈነ። ሜዳ የነበረው እዚያ ብቻ ነው። በላዩ ላይ በድንጋይና በሲሚንቶ መድረክ ተሠራ፤ ቀይ ተቀባ። ለጉድጓዱ የጠፋው ሲሚንቶ ለመድረኩ ተገኘ።

አንድ ጉድጓድ ቀረን፤ ወደ እሱ የሚገባው ግን ከበፊቱ በጣም በዝቷል። ኖራው ሥራውን ሳይሠራ ውሃው ሞልቶ ያልፋል። ጋሽ ሎምባሞ እጃቸውን መታጠብ ተዉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ "ግድግዳውን እናሳድገው፤ ብዙ ከያዘ ብዙ ያርፋል" አሉኝ። የቦይለሩን ሠራተኛ ጨምረን፣ ከፈረቃ ስንወጣ እየቆየን፣ በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ ከፍ አደረግነው። አፈር የሞላ ጆንያም ደገፍንበት። ሲያልቅ ጥሩ ይመስል ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ውሃው እንደገና ቀለል አለ። ጋሽ ሎምባሞ ቦዩ ዘንድ ወርደው ታጠቡ፤ ሳቅ ሲሉ አየኋቸው።

ክረምቱ ገባ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ከባድ ዝናብ ወረደ። ያን ቀን ሁለት ገንዳ ጥቁር ተደፍቶ ነበር። ማቅለሚያው በር ላይ ቆሜ ሳይ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ጭቃው ከድንጋዩ መካከል እየታጠበ ይወጣል። ጋሽ ሎምባሞ ጆንያ ተሸክመው በዝናቡ ሲሮጡ አየኋቸውና እኔም ሮጥኩ። አልደረስንም። ያሳደግነው ግድግዳ እንዳለ ወደ ውጪ ተኛ። የመሠረቱንም አፈር ይዞት ሄደ። በበጋው ያልተዛቀው አተላና ጥቁሩ ውሃ ባንድነት ወጥተው ቁልቁል ወረዱ። ከታች ሴቶች ሲጮሁ ሰማን።

በማግሥቱ ወረድኩ። ጎመኑ ላይ፣ ቆስጣው ላይ፣ አፈሩ ላይ ያ ጥቁር አተላ ተኝቷል። ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ተቃጥሏል። የአስካለ ላም ጥቁሩ ውሃ ካቆረው ኩሬ ጠጥታ ሆዷ ተነፍቶ ቤቱ በር ላይ ወድቃ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አስካለ አልተሳደበችም። "እኔ እስካለሁ ብለውኝ ነበር" አለችኝ፤ "አሉ እኮ፣ አልሞቱም።"

ቀበሌው የወንዝ ዳር ሰዎቹን ይዞ ወደ ፋብሪካው መጣ። ጓድ መርዕድ ሠራተኛውንም የወንዝ ዳር ነዋሪውንም ሰበሰቡ። ስብሰባው የተደረገው በአዲሱ መድረክ ላይ ነው። ጋሽ ሎምባሞን ከፊት አቆሟቸው። አንድ ግለሰብ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ግድግዳ ሠርቶ፣ በሕዝብና በፋብሪካው መካከል ቅራኔ ለመፍጠር አስቦ፣ አሻጥር ፈጽሟል ተባለ። የግለሰቡ ሃይማኖትም የውጭ እጅ ያለበት ነው ተባለ። የሚጸልዩበት ቤት ቀደም ብሎ ታሽጎ ነበር፤ በየሰው ቤት ተደብቀው እንደሚጸልዩ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ አስካለን ጠሯት።

"ይህን ግለሰብ ታውቂዋለሽ?" አሉ ጓድ መርዕድ።

"አውቃቸዋለሁ።"

"ውሃው ደህና ነው ብሎሻል?"

"ብለውኛል። እጃቸውን ታጥበው አሳይተውኛል።" "ከዚህ ግቢ ሌላ ሰው አላውቅም። እሳቸውን አምኜ ነው ልጆቼን ያበላሁት። እሳቸው ናቸው ቃል የገቡልኝ።"

"በቃ፣ ተቀመጪ።"

"ላሜስ?" አለች።

"ተቀመጪ ተብለሻል።"

እጄን አነሣሁ። አልፈቀዱልኝም፤ ቆምኩ። "ጉድጓዱ ሁለት ነበር" አልኩ። "አንደኛው ጓድ ሥራ አስኪያጅ ከቆሙበት መድረክ ሥር ነው። ግድግዳውን ያሳደግነው እሱ ስለተደፈነ ነው። እኔም ድንጋይ አቀብያለሁ።" አንዳንዱ ወደ መድረኩ እግር አየ። ጋሽ ሎምባሞ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተይ ማለታቸው ነው። ጓድ መርዕድ ስሜን ጠየቁ፤ አንድ ሰው ነገራቸው። ከዚያ መፈክር ተባለና ስብሰባው ተበተነ።

ጋሽ ሎምባሞን ከዚያው ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው አስተዳደር እስር ቤት ወሰዷቸው። እኔን ጥጥ መጋዘን አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ የጥጡ እስር ሲፈታ አቧራው እንደ ጉም ይቆማል። ሳንባዬ የተበላሸው እዚያ ነው፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ደረቴን ሲያዳምጥ የምን ሥራ ነው የምትሠሪው ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አላስፈለገውም፣ ልብሴ ላይ ጥጥ ነበር። ማቅለሚያውን ከካድሬ ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅ ሰጡት። ክፉ አልነበረም፤ የሚያስተምረው ሰው ግን አልነበረም። የፈረሰው ጉድጓድ እንደፈረሰ ቀረ።

ጋሽ ሎምባሞ ከዓመት በላይ ቆይተው ወጡ። ከስተዋል፤ ጆሯቸው ባንድ በኩል አይሰማም። ሥራ አልመለሷቸውም። ሽሮ ሜዳ፣ ከአባቴ ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሸማኔዎች የጥለት ክር በድስት ማቅለም ጀመሩ። ፋብሪካን ይጠላ የነበረው አባቴ በእሳቸው ክር ካልሆነ ጥለት አልሠራም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድላቸዋለሁ።

አንድ ቀን በአስካለ ላይ ስማረር ሰምተው፣ "እውነቷን ነው የተናገረችው" አሉኝ።

"እውነት ብቻ ነው የተናገረችው? እሷ ተናግራ አይደል እርስዎ የታሰሩት?"

"ላሟ ሞታለች። ለማን ትናገር? የምታውቀው እኔን ነው።" ክሩን ከድስቱ አወጡና ጨመቁት። "የተሳሳትነው ሌላ ነው። ግድግዳ ማሳደግ አልነበረብንም። ከገንዳው የሚወጣውን ካልቀነስሽ ጉድጓዱን ተራራ ብታሳክዪው ይሞላል።"

"እኛ እንዴት እንቀንስ? አዛዡ መርዕድ ነው።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉ። "አዛዡ ጎመኑን አይበላም።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የቀበሯቸው አብረዋቸው የሚጸልዩት ሰዎች ናቸው፤ እንዳይሰማባቸው መዝሙሩን በለሆሳስ ዘመሩት። ያን ያህል ዓመት ካገለገሉበት ፋብሪካ የመጣነው እኔና የቦይለሩ ሠራተኛ ብቻ ነን።

አሁን አሁን በሬዲዮ ወንዞቻችንን እንጠብቅ፣ ዛፍ እንትከል፣ ለመጪው ትውልድ እናስብ ሲባል እሰማለሁ። ይባል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን አስቦ የሠራ ሰው ምን እንደደረሰበት ስላየሁ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ። አንድ ደግ ባለሙያ ፋብሪካን አያቃናም። ያ ሰው ሲነሣ አብሮት የሚነሣ ነገር ከሆነ፣ ነገሩ መጀመሪያም አልቆመም ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ጠዋት ጎመን ልገዛ ከቤቴ በታች ወዳለው ጉልት ወረድኩ። ከሴቶቹ መካከል አስካለን አየኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። ልጇ ከጦርነቱ እንዳልተመለሰ ሰምቼ ስለነበር ሰላምታዬን አስረዘምኩት። ከዚያ አጎንብሼ አንድ እስር ጎመን አነሣሁ፤ ትልቅ ቅጠል ነው፣ የለማ።

አስካለ ከእጄ ወሰደችና መልሳ አስቀመጠችው። "ላንቺ አልሸጥም፣ ዘነበች" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አሁንም ከዚያው ውሃ ነው?"

"ሌላ ውሃ አለኝ?"

"ለሰው ግን ትሸጪዋለሽ።"

አየችኝ፤ አላፈረችም። "እናንተ የላካችሁትን ነው የማጠጣው። ጩኸቱንም ሞከርኩት፣ አይተሻል። ላም የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ምን ልብላ?"

በዚህ መሐል ሕፃን ያዘለች ሴት መጣችና ያንኑ እስር አነሣች። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ "እንዴት ያለ ጎመን ነው" አለች። አስካለ ወደ መሬት አየች። እኔ አላስችል አለኝና፣ "እቱ፣ እሱን ተይው፤ ከወዲያኛዋ ግዢ" አልኳት።

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ለራስሽ ልትወስጂው አይደል?" አለችና ጎመኑን ቶሎ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።